የጃፓን መክሰስ በየወሩ፦ የትኛው ሳጥን ለየትኛው ቤት?

ከጃፓን በየወሩ የሚላኩ የመክሰስ ሳጥኖች በማስታወቂያቸው ይመሳሰላሉ፦ ደማቅ ካርቶን፣ የቼሪ አበባ፣ ከጀርባ የፉጂ ተራራ። ሲከፈቱ ግን ከአገራቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር ጥቂት ነው። አንደኛው የጃፓን ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እግረ መንገዱን የሚገዛውን ቺፕስ፣ ከረሜላና ቸኮሌት ይዞ ይመጣል። ሌላኛው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ከአረንጓዴ ሻይ ጋር በትንሽ ሳህን የሚቀርበውን። «የጃፓን ጣፋጭ አልተስማማኝም» የሚሉ ሰዎችን ሳነጋግር ብዙዎቹ ይህን ልዩነት ሳያውቁ ያዘዙ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ያልተስማማቸው ሳጥኑ ነው እንጂ ጣፋጩን ገና በወጉ አልቀመሱትም።

ስለዚህ ከዋጋውም ከፎቶውም በፊት ይህን ጠይቁ፦ ሳጥኑ በአቅራቢያዬ ካለ ሱቅ የማላገኘውን ምን ያመጣልኛል? ወርሃዊ ክፍያ የሚያዋጣው ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያለው ሳጥን ላይ ብቻ ነው።

ሦስቱ ሳጥኖች

በሰፊው የሚታወቁት ቶክዮትሪት፣ ሳኩራኮና ቦክሱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባለቤታቸው አንድ ነው፤ ቶክዮ የሚገኘው ኢቺጎ የተባለ ኩባንያ ያዘጋጃቸዋል። ያም ሆኖ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘዘ ሰው በይዘት እምብዛም ሲደጋገሙ አያይም።

ቶክዮትሪት የዘመኑን መክሰስ ይዞ ይመጣል። በጃፓን ኮንቢኒ የሚባሉት ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆኑ ሱቆች፣ ማለትም ሰቨን ኢሌቨን፣ ፋሚሊ ማርትና ሎሰን፣ መደርደሪያቸው ላይ የሚያስቀምጡትን ዓይነት ነው፦ የወቅቱ ኪት ካት፣ የካልቢ ቺፕስ፣ ማስቲካና ጄሊ፣ የሚጠጣ ነገር፣ አንዳንዴም የፈላ ውኃ ብቻ የሚፈልግ ኑድል። ልጆችና ወጣቶች ያሉበት ቤት ሳጥኑ ሲከፈት ጫጫታ ይሆናል። ብዙው ጣፋጭ፣ ጨዋማና ወዲያው የሚገባ ጣዕም ስለሆነ ማንም ሰው ቢያንስ ግማሹን ይወደዋል።

ሳኩራኮ በ2021 የተጀመረ ነው። ትኩረቱ ዋጋሺ የሚባሉት ባህላዊ ጣፋጮች ላይ ነው፦ ከቀይ ባቄላና ከሩዝ የሚሠሩት፣ ሴንቤይ የሚባለው የሩዝ ብስኩት፣ ትንንሽ ኬኮች፣ ሻይ። ከምግቡ ጋር በየወሩ አንድ የቤት ዕቃም አለ፤ ትንሽ ሳህን፣ የመመገቢያ ቾፕስቲክ፣ መጠቅለያ ጨርቅ የመሰለ። ቡና አፍልቶ እንግዳ መቀበል ለሚወድ ቤት የሚስማማው ይህ ነው። ሴንቤይ በተለይ፣ ጨው ያለውና የሚቆረጠም ስለሆነ፣ ከቆሎና ከፈንዲሻ ጎን ለቡና ቁርስ ቢቀርብ ማንም እንግዳ ነገር ነው አይለውም።

ቦክሱ ኒውዮርክ ላይ በ2010ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመ ሲሆን መለያው ሠሪዎቹ ናቸው። ከትልልቅ ፋብሪካዎች ይልቅ በቤተሰብ የሚተዳደሩ፣ አንዳንዶቹ ለብዙ ትውልድ አንድ ዓይነት ጣፋጭ ሲሠሩ የኖሩ ትንንሽ ቤቶችን ይመርጣል፤ ስለ እነርሱም ከሳጥኑ ጋር በሚልከው መጽሔት ይተርካል። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል። ማንበብ ለሚወድና ጣዕሙን ከነታሪኩ ለሚፈልግ ሰው ልዩነቱ ያዋጣዋል፤ ለልጆች ልደት ግን አይመከርም።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልብ በሉ። «20 መክሰስ» ማለት ሁልጊዜ 20 ዓይነት ማለት ላይሆን ይችላል። ተካፍሎ ለመብላት እንዲመች ከአንዱ ዓይነት ሁለት ሦስት ፍሬ የሚያስገቡ አሉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ዓይነቱ እንዲበዛ ትፈልጋላችሁ፣ ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ መደጋገሙ ጠብ ያስቀራል። ከማዘዛችሁ በፊት ያለፈውን ወር ዝርዝር ፈልጋችሁ እዩ፤ ሁሉም ያስቀምጡታል።

አራተኛው ምርጫ ሱቅ ነው

ፖኪ የሚባለውን ቸኮሌት የተቀባ ቀጭን ብስኩት ኤዛኪ ግሊኮ የተባለው ኩባንያ ከ1966 ጀምሮ ይሠራዋል፤ የሞሪናጋ ሃይ ቹ ከረሜላ ከ1975 ጀምሮ አለ። ሁለቱም ዛሬ በአሜሪካ በተራ ሱፐርማርኬት ሳይቀር ይሸጣሉ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ኤች ማርት የተባለው የእስያ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ሙሉ መደርደሪያ ታገኛላችሁ፤ ሲያትል ያላችሁ ከ1928 ጀምሮ የቆየው ኡዋጂማያ አለላችሁ፤ ለንደን ጃፓን ሴንተር፣ ዱባይ ዳይሶ። ልጃችሁ የሚፈልገው ፖኪ ከሆነ ሳጥን ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ ቅዳሜ ይዛችሁት ሂዱና በሳጥኑ ግማሽ ዋጋ ራሱ ይምረጥ። ይህን የምለው ሳጥኖቹን ስለምጠላ አይደለም፤ የሚችሉት ነገር ሌላ ስለሆነ ነው።

የሚችሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወቅት ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች ብዙ ጣዕም የሚያወጡት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲሆን ካለቀ በኋላ አይመለስም፣ ወይም የሚመለሰው በዓመቱ ነው። ኔስሌ ጃፓን ከ2000 ወዲህ ያወጣቸው የኪት ካት ጣዕሞች ከ300 በላይ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ባሕር ተሻግሮ ሱቅ እስኪደርስ ወቅቱ ስለሚያልፍ አስመጪ አይደፍረውም።

ሁለተኛው አካባቢ ነው። ጃፓን ውስጥ ሰው ከጉዞ ሲመለስ ለሥራ ባልደረባና ለጎረቤት የሄደበትን አገር ጣፋጭ ይዞ መምጣቱ የቆየ ደንብ ነው። በዚህ የተነሳ እያንዳንዱ ክፍለ አገር የራሱ መታወቂያ የሆነ ጣፋጭ አለው፣ ጣፋጩም በብዛት የሚሸጠው እዚያው ነው። የሆካይዶው ሺሮይ ኮይቢቶ፣ በሁለት ስስ ብስኩት መካከል ነጭ ቸኮሌት ያለበት፣ ከ1976 ጀምሮ ከሳፖሮ ይወጣል። ኪዮቶ ቀረፋ የሚሸት ያትሱሃሺ አላት፤ በሂሮሺማ አጠገብ ያለችው ሚያጂማ ደሴት በሜፕል ቅጠል ቅርጽ የሚጋገር ማንጁ የሚባል ትንሽ ኬክ። ናጋሳኪ ደግሞ ከፖርቱጋሎች የወረሰችውን ካስቴላ የሚባል የእንቁላል ኬክ። (ፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ ሉዊስ ፍሮይስ በ1569 ለጦር አለቃው ለኦዳ ኖቡናጋ ያበረከተው ኮንፔይቶ የሚባል የስኳር ከረሜላም ዛሬ ከባህላዊዎቹ ተቆጥሮ በሳጥን ይመጣል። ከውጭ የገባውን የራስ ማድረግ ጃፓኖች ይችሉበታል።) እነዚህን ከኤች ማርት መደርደሪያ መጠበቅ ዘበት ነው። ሳጥኑ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህም ሚዛን ሳኩራኮና ቦክሱ ከቶክዮትሪት ይበልጣሉ፣ ቶክዮትሪትም የወቅት ጭብጥ ባለው ወር ከሌላው ወሩ ይበልጣል።

ምላስ ላይ ምን ይጠብቃችኋል?

ባህላዊውን ሳጥን ለመረጠ ሐበሻ ትልቁ ድንገተኛ ነገር ባቄላው ነው። ለእኛ ጥራጥሬ ማለት ሽሮ፣ ክክ፣ ንፍሮ ነው፤ በርበሬና ጨው እንጂ ስኳር አያውቀውም። አዙኪ የሚባለው ትንሽ ቀይ ባቄላ ግን በጃፓን ተቀቅሎ በስኳር ይበስልና አንኮ ይሆናል፤ የጣፋጩ ሁሉ ልብ እርሱ ነው። ዳይፉኩ በሚባለው የተወቀጠ ሩዝ ድብልብል ውስጥ አለ፣ ዶራያኪ በሚባለው ድርብ ፓንኬክ ውስጥ አለ፣ በሞናካ ውስጥ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው የተፈጨና የተጠለለውን ለስላሳውን አንኮ ቢያስቀድም ይቀለዋል፤ ፍሬው ያለበትን ኋላ ይደርስበታል። ከቸኮሌት ቀጥሎ አትብሉት። ያለ ስኳር አረንጓዴ ሻይ፣ ካልሆነም ያለ ስኳር ቡና ይዛችሁ ብሉት። ጣፋጩ የተሠራው መራራ ነገር እንዲያጅበው ታስቦ ነው፣ ያለ እርሱ ጎደሎ ነው።

ኪናኮ ግን ወዲያው ይገባችኋል። የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት ሲሆን ሞቺ በሚባለው ከተወቀጠ ሩዝ በሚሠራ ለስላሳ ሊጥ ላይ ይነሰነሳል፤ ሽታው በሶ ያስታውሳል። ከኦኪናዋ የሚመጣው ኮኩቶ የሚባለው ጥቁር የሸንኮራ ስኳርም እንዲሁ ቅርብ ጣዕም አለው። ሆጂቻ የተቆላ ሻይ ነው፤ ማቻ የሚባለው የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት ምሬቱ የሚከብደው ሰው በእርሱ ይጀምር።

የሳኩራ ጣዕም ብዙ ሰው እንደ ጽጌረዳ ሽቶ ያለ ነገር አድርጎ ይጠብቀዋል። በእውነቱ መዓዛው የሚመጣው በጨው ከተቀመመ የቼሪ ቅጠልና አበባ ነው፣ ስለዚህ ጣፋጩ ውስጥ ጨው ብቅ ይላል። እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ግን ማወቅ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይወቀው።

ስለ ማቃጠል አትጨነቁ። ከ1984 ጀምሮ በቅመሙ የታወቀው የኮይኬያ ካራሙቾ ቺፕስ ጃፓን ውስጥ የሚያቃጥል ተብሎ ይሸጣል፣ በሚጥሚጣ ላደገ ሰው ግን ደስ የሚል ሙቀት ነው እንጂ ፈተና አይደለም። ዋሳቢ የሚባለው አረንጓዴ ቅመም ሌላ ነው፤ እርሱ ምላስን ትቶ አፍንጫ ነው የሚይዘው።

ጾም፣ አሳማና አለርጂ

ሳጥን ሲመረጥ በቤታችን ክርክር የሚያስነሳው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ዘርዘር አደርጋለሁ።

ለጾመኛ ባህላዊው ሳጥን እጅግ የተሻለ ነው። ዮካን የሚሠራው ከአዙኪ፣ ከስኳርና ካንተን ከሚባል ከባሕር አረም ከሚወጣ ማርጊያ ነው፤ ወተትም እንቁላልም የለበትም። በዚያ ላይ ይቆያል፦ ኢሙራያ የተባለው ኩባንያ ለአደጋ ጊዜ ስንቅ ተብሎ 5 ዓመት የሚቀመጥ ዮካን ይሸጣል። ኮንፔይቶ ስኳር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ዋሳንቦን የሚባለው ከቶኩሺማና ከካጋዋ የሚመጣው በአፍ የሚሟሟ ጣፋጭም እንዲሁ። ሞናካ በስስ የሩዝ ቅርፊት ውስጥ አንኮ ነው። በአንጻሩ ካስቴላና ዶራያኪ እንቁላል አለባቸው፣ ኪት ካትም ወተት።

የሚያታልለው ጨዋማው ነው። የሩዝ ብስኩት ሲባል ጾም ይመስላል፣ ግን ብዙው የቦኒቶ ዓሣ ወይም የዶሮ ቅመም አለበት። የካልቢ ካፓ ኤቢሴን፣ ከ1964 ጀምሮ የሚሸጠው፣ ሽሪምፕ ተፈጭቶበት የተሠራ ነው። ኮንሶሜ የተባለ ቺፕስ ሁሉ የሥጋ መረቅ ጣዕም ነው። ሽሪምፕ፣ ስኩዊድና ኦክቶፐስ በማይበላበት ቤት፣ የኦርቶዶክስም ይሁን በእስራኤል የቤተ እስራኤል ቤት፣ ቶክዮትሪት ሲመጣ ከመክፈት በፊት መለየት ይጠይቃል።

ጄላቲን፣ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣው ማርጊያ፣ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ሃይ ቹ፣ ጋሚ የሚባሉት የሚለጠጡ ከረሜላዎችና ማርሽማሎው ውስጥ አለ፣ ምንጩም ብዙ ጊዜ አሳማ ነው። ለጃፓን ገበያ በተሠራ መክሰስ ላይ የሐላልም ሆነ የኮሸር ምልክት ማግኘት ብርቅ ነው። አልኮልም አለ፦ የሎተ ራሚና ባከስ የሚባሉት ቸኮሌቶች ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየዓመቱ በብርዱ ወራት የሚወጡ ሲሆኑ በውስጣቸው እውነተኛ መጠጥ አለ፤ ልጆች ዘንድ መድረስ የለባቸውም። አንዳንድ ለስላሳ ኬክና ሞቺ ላይም፣ እንዳይበላሽ ተብሎ፣ አልኮል በጥቂቱ ይጨመራል። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ ሳጥን ከማዘዝ ሱቅ ሄዶ እያነበቡ አንድ በአንድ መግዛት ይሻላል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ፤ የተከፈለበት ሳጥን ተከፍቶ ግማሹ ለጎረቤት ከሄደ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

የአለርጂ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጃፓን ሕግ የግድ እንዲጻፉ ከሚያዛቸው ውስጥ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ሶባ የሚባለው እህል፣ ለውዝ፣ ሽሪምፕና ሸርጣን አሉ፤ በ2023 ዋልነት ሲጨመር 8 ሆኑ። ሰሊጥና አኩሪ አተር ግን ቢጻፉ ይመረጣል ከተባሉት ወገን ናቸው፣ ግዴታ የለባቸውም። አሜሪካ ደግሞ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ሰሊጥን በግዴታ ዝርዝሯ አስገብታለች። የሰሊጥ አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ፣ በሳጥኑ መጽሔት ላይ ሰሊጥ አለመጠቀሱ የለበትም ማለት እንዳልሆነ አስታውሱ፤ የማሸጊያውን ጽሑፍ በስልክ ካሜራ ተርጉማችሁ አንብቡ። ስንዴ ለማይስማማውም፦ ሴንቤይ ሩዝ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ የሚቀባው ሶይ ሶስ ስንዴ አለበት።

ሞቺ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በጣም የሚጣበቅ ስለሆነ ጉሮሮ ይዘጋል፤ የቶክዮ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት በየአዲሱ ዓመት ሕዝቡን የሚያስጠነቅቀው በዚሁ ነው። ለሕፃናትና ለአረጋውያን በትንንሹ ቆርጣችሁ ስጡ፣ እያያችኋቸውም ይብሉ።

የትኛው ወር?

ሁለት ወቅት ከሌላው ይበልጣል። የሳኩራው በመጋቢት አካባቢ የሚመጣ ሲሆን፣ የመኸሩ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር። እኔ መኸሩን እመርጣለሁ። ቼስትነት ከሚባለው ፍሬ የሚሠራ ጣፋጭ ከናጋኖዋ ኦቡሴ፣ ስኳር ድንች ከካዋጎኤና ከካጎሺማ፤ ስኳር ድንች ተቀቅሎ ሲበላ ላደገ ሰው ከዚህ የቀረበ መግቢያ የለም። በበጋ ግን፣ በሰሜኑ ዓለም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ቸኮሌት በመንገድ ስለሚቀልጥ ሳጥኖቹ ወደ ሎሚ፣ ራሙኔ ወደሚባለው የለስላሳ መጠጥ ጣዕምና ወደ ጨዋማ ነገር ያዘነብላሉ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምታስልኩ ከሆነ በጋውን ዝለሉት።

ችግሩ ሁለቱ ምርጥ ወቅቶች በጾም ላይ መውደቃቸው ነው። የመጋቢቱ ሳጥን ዐቢይ ጾምን ያገኛል፣ የመኸሩም ዘግይቶ ከደረሰ ኅዳር 15 ከሚገባው ጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። ይህ ግን አያስቀርም። ብስኩቱና ቸኮሌቱ ብዙ ጊዜ ወራት ይቆያል፤ ለፋሲካ ወይም ለገና ለብቻው ይቀመጥ፣ ዮካኑና ዋሳንቦኑ በጾሙ ይበላ። ቶሎ የሚያልፈው ሞቺና ለስላሳ ኬክ ስለሆነ ሳጥኑ እንደደረሰ መጀመሪያ የእነርሱን ቀን እዩ። ጃፓን ውስጥ ቀን የሚጻፈው ከዓመት ጀምሮ ነው፦ 26.04.10 ማለት 2026፣ ሚያዝያ 10 በፈረንጆቹ ነው።

ገንዘቡ

አብዛኞቹ ሙሉ ሳጥኖች ከ30 እስከ 50 ዶላር ይሆናሉ፤ የ3፣ የ6 ወይም የ12 ወር ቀድሞ የሚከፍል የእያንዳንዱ ሳጥን ዋጋ ይቀንስለታል። በዚህ ላይ የቀረጥ ነገር ተለውጧል። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባበት የነበረውን ደንብ ከኦገስት 29፣ 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር አቁማለች። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2021 ወዲህ ከማንኛውም ርካሽ ጥቅል ላይ ሳይቀር ተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰበስባል፤ ብሪታንያም ከዚያው ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 135 ፓውንድ ባለው ላይ ታክሱ ሲገዛ እንዲከፈል ታደርጋለች። ስለዚህ ሁለት ሳጥን ስታወዳድሩ የማስታወቂያውን ዋጋ ትታችሁ መክፈያው ገጽ ላይ የሚወጣውን የመጨረሻ ድምር፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ተካቶ እንደሆነ እያያችሁ፣ አወዳድሩ። በአንዱ ርካሽ የመሰለው በደጃፍ ተጨማሪ ክፍያ ሲጠየቅበት ውድ ሆኖ ይገኛል።

በምክሬ የመጀመሪያው ትዕዛዝ የ1 ወር ሳኩራኮ ይሁን፣ ቢቻል በመኸር። ልጆች የሚበዙበት ቤት በቶክዮትሪት ቢጀምር አልቃወምም፣ የወቅት ጭብጥ ያለበትን ወር እስከመረጠ ድረስ። ቦክሱን ጣዕሙን አንዴ ለወደደ ሰው፣ ወይም ለሻይ አፍቃሪ ወዳጅ ስጦታ አስቀምጡት። ዓመቱን በሙሉ የሚከፈለውን ማንም በመጀመሪያው ቀን አይግዛ። የ1 ወር ምርጫም ቢሆን ካልተሰረዘ በየወሩ ራሱን ያድሳል፣ ሳጥኑ ደግሞ ከጃፓን እስኪደርስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የመጀመሪያውን ሳትቀምሱ የሁለተኛው ገንዘብ ከካርዳችሁ እንዳይቆረጥ፣ ባዘዛችሁበት ዕለት የእድሳቱን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።